ባሕሩ ሲያርፍ የአስጋሪው ቤት ምን ይበላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ያስተናገድናቸው ጥያቄዎች የባሕርን ሀብት ስለ መጠበቅና በዚሁ ሀብት ስለሚተዳደሩ ሰዎች ኑሮ የቀረቡ ናቸው። ከደብዳቤዎቹ አንዳንዶቹ ረዘም ያሉ በመሆናቸው ፍሬ ሐሳባቸውን ብቻ ወስደናል።

ጥያቄ፦ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነኝ። በክፍል ውስጥ ደጋግመን እንደምንማረው የዓለም የባሕር ዓሣ በፍጥነት እየተመናመነ ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ የተጎዱትን የባሕር አካባቢዎች ዘግቶ አስጋሪዎቹን ሌላ ሥራ ማስያዝ ከሁሉ የቀለለ መፍትሔ አይደለምን? ዓሣው ካለቀ በኋላ እነሱም ቢሆኑ የሚያጠምዱት አይኖራቸውም።

መልስ፦ ሥጋትዎ መሠረት አለው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው፣ በ2021 ከተገመገሙት የባሕር ዓሣ ክምችቶች ውስጥ 37.7 በመቶ የሚሆኑት ራሳቸውን መተካት ከሚችሉበት መጠን በላይ እየተጠመዱ ነበር። ዓሣው ካለቀ አስጋሪውም እንደሚያልቅለት የጻፉት እውነት ነው፤ ይህንንም ከማንም በላይ የሚያውቀው አስጋሪው ራሱ ነው፤ ምክንያቱም መረቡ በየዓመቱ እየቀለለ ሲወጣ የሚያየው እሱ ነው።

ችግሩ ያለው «ሌላ ሥራ ማስያዝ» በሚለው ላይ ነው። በትንንሽ ጀልባና በእግር የሚካሄደው ማስገር በዓለም ላይ ከሚጠመደው ዓሣ ቢያንስ 40 በመቶውን ይሸፍናል፤ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብም በከፊልም ቢሆን ኑሮውን በእሱ ላይ መሥርቷል። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ባሕሩ የመጡት ሌላ መሬትና ጥሪት ስለሌላቸው ነው። ማስገር ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚበላ ይዞ ለመመለስ የሚያስችል፣ እርሻ እስኪደርስ ወይም ከብት እስኪረባ መጠበቅን የማይጠይቅ ሥራ ነው። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ባሕርይው በምንም በቀላሉ አይተካም። ለአስጋሪዎች ተብለው ፍየል ማርባትን፣ ንብ ማነብንና አነስተኛ ንግድን ለማስተማር የተዘረጉ ፕሮጀክቶች ብዙ ጊዜ የሚያስገኙት ውጤትም የታወቀ ነው፤ ሰውየው ፍየሉን ያረባል፣ ማጥመዱንም ይቀጥላል። ይህን ማድረጉ ስንፍና ወይም እምቢተኝነት አይደለም። አንዱ ገቢ ሲጎድል ሌላው እንዲደግፈው የሚያደርግ አስተዋይነት ነው።

በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም መዝጋት ምን እንደሚያስከትል ለማየት የካናዳን የኒውፋውንድላንድ ጠረፍ መመልከት ይበቃል። በዚያ ያለው ኮድ የተባለው ዓሣ ለዘመናት የሰፊ ሕዝብ መተዳደሪያ ነበር፤ ትልልቅ መርከቦች ለአሥርተ ዓመታት ከአቅሙ በላይ ከጠመዱት በኋላ ግን መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 ይህን ዓሣ ለንግድ ማስገርን አገደ። ወደ 30,000 የሚጠጉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሥራ አጡ። እገዳው ለ2 ዓመት የታሰበ ቢሆንም ለ32 ዓመታት ቆይቶ የተነሣው በ2024 ነበር፤ ያውም ዓሣው ወደ ቀድሞ ብዛቱ ሳይመለስ። መንግሥት የድጎማ ክፍያና የሥራ ሥልጠና ቢሰጥም ወጣቶቹ ጠረፉን ለቀው ሄዱ፤ ብዙ መንደሮችም ሽማግሌዎች የበዙባቸው ሆኑ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው መዝጋት ስሕተት ነበር የሚለውን አይደለም፤ በዚያ ቀን ሌላ አማራጭ አልነበረም። አስጋሪዎቹ በትንሹ፣ በየተራና በየሥፍራው እያሳረፉ ሊጠብቁት ይችሉ የነበረው ሀብት ያን ጊዜ ሳይጠበቅ ቀርቶ፣ በመጨረሻ ጠቅላላ ዋጋውን እነሱ ብቻ እንዲከፍሉ መደረጉ ነው ስሕተቱ።

ጥያቄ፦ አንድን የባሕር ክፍል ከማስገር መከልከል ከክልሉ ውጭ ያለውን አስጋሪ ይጠቅማል ሲባል እንሰማለን። እንዴት ነው የሚጠቅመው? ደግሞስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

መልስ፦ የሚጠቅመው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ በተከለከለው ክልል ውስጥ ሳይነካ የሚያድገው ዓሣ ሲበዛና ሲጣበብ ከፊሉ ድንበሩን አልፎ ይወጣል፤ አስጋሪዎች በጥብቅ ክልል ጠርዝ ላይ መረባቸውን መዘርጋት የሚወዱት ለዚህ ነው። ሁለተኛውና በእኔ ግምት የሚበልጠው እንቁላሉ ነው። አንዲት ሴት ዓሣ ክብደቷ ዕጥፍ ሲሆን የምትጥለው እንቁላል በብዙ ዝርያዎች ዘንድ ከዕጥፍ በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥቂት ትልልቅ እናት ዓሦች የብዙ ትንንሾችን ሥራ ይሠራሉ። ከእንቁላሉ የሚፈለፈሉት እጮችም በባሕር ውሃ ፍሰት እየተወሰዱ ከጥብቅ ክልሉ ርቆ የሚገኘውን ባሕር ጭምር በዓሣ ይሞላሉ።

ጊዜውን በተመለከተ አንድ ቁጥር ብሰጥዎ አሳስትዎታለሁ፤ ሁሉም ነገር በፍጡሩ ዕድሜ ላይ የተመሠረተ ነውና። ሁለት ምሳሌዎችን ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ።

በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር፣ አንዳቫዶአካ በተባለው መንደርና በዙሪያው፣ ቬዞ የተባሉ የባሕር ሰዎች ይኖራሉ። በጨረቃ ሙላትና ጨለማ ሰሞን ባሕሩ እጅግ ሲሸሽ፣ ሴቶችና ወንዶች ረጃጅም ዘንግ ይዘው በተገለጠው የኮራል አለት ላይ እየተራመዱ ኦክቶፐስ ይፈልጋሉ። ኦክቶፐስ ጉድጓዱን በጠጠርና በበላው ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይከብበዋል፤ የለመደ ዓይን ከዚህ ምልክት ተነሥቶ ፍጡሩ የት እንዳለ ያውቃል፣ በዘንጉም ወግቶ ያወጣዋል። ይህ ፍጡር ከአንድ ዓመት ብዙም የማያልፍ ዕድሜ ያለው ሲሆን በመጨረሻዎቹ ወራት በሚያስደንቅ ፍጥነት ያድጋል። መንደርተኞቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ከማጥመጃ ሥፍራቸው አንዱን ለወራት ለማሳረፍ ተስማሙ፤ ሲከፈት ያገኙት ትልልቅ ኦክቶፐስ ጎረቤት መንደሮችን ሁሉ አነሣሣ። በኋላ ተመራማሪዎች በ8 ዓመት ውስጥ የተደረጉ 36 መዝጋቶችን መርምረው፣ ሥፍራው በተከፈተ በመጀመሪያው ወር ከዚያው ሥፍራ የሚገኘው የኦክቶፐስ መጠን ከ700 በመቶ በላይ እንደ ጨመረ፣ መንደሩ ከኦክቶፐስ የሚያገኘው ገቢም በዚያ ወር ከመዝጋቱ በፊት ከነበረው ወር ጋር ሲነጻጸር ዕጥፍ እንደ ሆነ አረጋገጡ። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ሌላው ግኝት ነው፤ ሥፍራው በተዘጋባቸው ወራት የመንደሩ ገቢ ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላሳየም። ይህ የሆነው የሚዘጋው ሥፍራ ከመንደሩ የማጥመጃ ቦታ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ስለ ነበረና በቀረው ላይ ሰዎቹ ሥራቸውን ስለ ቀጠሉ ነው። ይህም ሆኖ አሠራሩ ድካም የለበትም ማለት አይደለም። በመክፈቻው ቀን ከሩቅ ሳይቀር ሰው ይጎርፋል፤ የወራት ትዕግሥት በጥቂት ቀን ሊበላ ስለሚችል ማን፣ መቼና እስከ መቼ እንደሚገባ ቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የሜክሲኮው ካቦ ፑልሞ ነው። በዚያ ያሉ ጥቂት የአስጋሪ ቤተሰቦች ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1995 አካባቢያቸው ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ሆነ። በ1999 በተደረገው ልኬት በፓርኩ ውስጥ የነበረው ዓሣ በውጭ ካለው እምብዛም አይበልጥም ነበር። በ2009 እንደገና ሲለካ ግን የዓሣው ጠቅላላ ክብደት በ463 በመቶ አድጎ ተገኘ። እስቲ ያን 4ኛ ዓመት ያስቡት፤ ቤተሰቦቹ ማጥመዳቸውን ትተዋል፣ ውሃው ውስጥ ግን ገና የሚታይ ነገር የለም። የካቦ ፑልሞ ሰዎች ጠላቂ ጎብኚዎችን በማስተናገድ ሌላ ገቢ ማግኘት በመቻላቸው ያን ጊዜ ተሻገሩት። ጎብኚ በማይደርስበት ጠረፍ የሚኖር ሌላ መንደር በዚያው 4ኛ ዓመት ላይ ተስፋ ቆርጦ መረቡን ቢያነሣ ማን ይፈርድበታል?

ጥያቄ፦ ለዓሣ ሀብት አስተዳደር ቅርብ በሆነ ሥራ ላይ ለዓመታት ቆይቻለሁ። ሕግ ይወጣል፣ ምልክት ይተከላል፣ ሰው ግን በጨለማ ገብቶ ያጠምዳል። ቅጣቱን ከማክበድ ሌላ መፍትሔ ይታይዎታል?

መልስ፦ ይታየኛል፤ ቅጣት አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። ከውጭ መጥቶ በፈንጂ ወይም በመርዝ የሚያጠምድን ሰው በምክር ብቻ አይመልሱትም፤ ሕግ አክባሪው አስጋሪም ቢሆን አጥፊው ሲቀጣ ማየት ይፈልጋል። ነገር ግን አብዛኛው የመንደር ሰው በሌሊት የሚገባበት ሕግ ብዙ ጊዜ ሰዎቹ ያልመከሩበት፣ ድንበሩም የተሻለውን የማጥመጃ ቦታቸውን ቆርጦ የወሰደ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ሕግ በጥበቃ ብቻ ለማስከበር ባሕሩ በጣም ሰፊ፣ የጥበቃ ጀልባ ነዳጅም በጣም ውድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብቶችን ሲያጠኑ ካቀረቧቸው ምሳሌዎች አንዱ በቱርክ የአላንያ አስጋሪዎች አሠራር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚያ የነበሩት 100 ያህል አስጋሪዎች በመልካም ቦታ ሽሚያ እርስ በርስ እስከ መደባደብ ደርሰው ነበር። በማኅበራቸው አማካይነት ብዙ ሙከራ ካደረጉ በኋላ የደረሱበት አሠራር ይህን ይመስላል። በየዓመቱ በመስከረም የአስጋሪዎቹ ስም ይመዘገባል፤ የማጥመጃ ቦታዎቹም የአንዱ መረብ የሌላውን ዓሣ እንዳያስቀር ተራርቀው ይዘረዘራሉ፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ከመስከረም እስከ ጥር እያንዳንዱ አስጋሪ በየቀኑ አንድ ቦታ ወደ ምሥራቅ ይሸጋገራል፤ ከጥር በኋላ ደግሞ ዓሣው አቅጣጫውን ስለሚቀይር እነሱም ወደ ምዕራብ ይዞራሉ። እዚህ ላይ ጠባቂ አያስፈልግም፤ ዛሬ መልካሙ ቦታ የደረሰው ሰው ሌላ ሰው ቦታውን ይዞ ቢያገኝ ራሱ ይከራከራል፣ ተራቸውን የሚጠብቁት ሁሉም ይደግፉታል። በእርግጥ ይህ አሠራር የፈታው የድልድልን ችግር እንጂ የሀብት መመናመንን አይደለም። ቢሆንም እርስዎ ለሚያነሡት ችግር ቁልፉ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ሕጉን የሚያከብረው ሰው ሕጉ ሲጣስ ወዲያውኑ የሚጎዳ ከሆነ የሕጉ ጠባቂ እሱ ይሆናል። እርስዎ ባሉበት ቦታ የሌሊቱን ማስገር ከመቅጣት በፊት የድንበሩን ካርታ ይዘው ከሽማግሌዎችና ከወጣት አስጋሪዎች ጋር ቢቀመጡ፣ የትኛው ቦታ ቢዘጋ እንደሚቀበሉና የትኛው እንደማይሆንላቸው ቢጠይቁ፣ በተስማሙበትም ልክ ድንበሩን ለማንቀሳቀስ ሥልጣን ቢኖርዎ፣ ውጤቱ ከተጨማሪ ጠባቂ የሚበልጥ ይመስለኛል። ሥልጣኑ ከሌለ ግን ምክክሩ ባይጀመር ይሻላል፤ ተጠይቆ ሐሳቡ የተጣለበት ሰው ካልተጠየቀው ይልቅ ይቆጣልና።

ጥያቄ፦ ስለ አስጋሪዎች ሲወራ ሁልጊዜ በጀልባ የሚወጡ ወንዶች ብቻ ይነሣሉ። ዓሣውን የሚያጥቡ፣ የሚያጨሱና የሚሸጡ ሴቶችስ በነዚህ ውሳኔዎች ውስጥ የት ናቸው?

መልስ፦ በአብዛኛው የሉም፤ ይህም ትልቅ በደል ነው። በአነስተኛ ማስገር ዘርፍ ከተሰማሩት ከ10 ሰዎች 4ቱ ሴቶች መሆናቸውን ከላይ የጠቀስኩት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2023 ባሳተመው ጥናት ገልጿል። ነገር ግን ምዝገባ የሚካሄደው በጀልባና በመረብ ስለሆነ፣ በእግሯ ወርዳ ከጭቃና ከድንጋይ መካከል ቀንድ አውጣና ዛጎል የምትለቅም ሴት በየትኛውም መዝገብ ላይ አትገኝም። ማካካሻ ሲታደል ስሟ አይጠራም። በዚያ ላይ ለመዝጋት ቀላል ተብሎ የሚመረጠው ለዳርቻው ቅርብ የሆነው ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው፤ እሱ ደግሞ የእሷ የሥራ ቦታ ነው። ወንዱ ጀልባውን አዙሮ ሌላ ቦታ ሊሄድ ይችላል፤ እሷ ልጆቿን ትታ የት ትሄዳለች?

የተሻለ መንገድ እንዳለ ጋምቢያ አሳይታለች። ኦይስተር የተባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጡርና ዛጎል የሚለቅሙ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው በታንቢ ረግረጋማ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሀብቱን ብቻቸውን የመጠቀምና የማስተዳደር መብት እ.ኤ.አ. በ2012 ከመንግሥት አገኙ። መብቱ በእጃቸው ሲገባ ኦይስተር የማይለቀምበትን ወቅት ያስረዘሙት ራሳቸው ናቸው፤ የሚያርፈው ኦይስተር ነገ የእነሱ እንጂ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ሰው እንደማይሆን ስላወቁ ነው።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ድርጅት በአንድ ጠረፍ የማስገር እገዳ ለሚጣልባቸው ወራት ለአስጋሪዎች የገንዘብ ማካካሻ ለመክፈል አቅዷል። ይህ በቂ ነው ብለው ያምናሉ?

መልስ፦ ማካካሻ መታሰቡ መልካም ነው፤ በቂ መሆኑ ግን በዝርዝሩ ላይ የተመሠረተ ነው። ብራዚል ዓሣ በሚራባበት ወቅት ማጥመድ ለሚከለከሉ አስጋሪዎች በየወሩ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚያህል ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ትሰጣለች። ብዙ ቤተሰቦችን ከረኃብ ያዳነ ሥርዓት ነው፤ ሆኖም ከጊዜ በኋላ አጥምደው የማያውቁ ሰዎች ጭምር በአስጋሪነት ተመዘገቡ፤ በአንጻሩ ወረቀት ያላሟሉ እውነተኛ አስጋሪዎች ውጭ ቀሩ። ስለዚህ ምዝገባው ክፍያ መኖሩ ከመነገሩ በፊት፣ መንደሩ በሚያውቀው ሰው ምስክርነት ቢካሄድ ይመረጣል።

በባንግላዴሽ ደግሞ ሂልሳ የተባለው ዓሣ ለመራባት ከባሕር ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወቅት ማስገር ይታገዳል፤ ለቤተሰቦቹም ሩዝ ይታደላል። ሩዙ ሆድን ይደግፋል፤ ዕዳን ግን አይከፍልም። አስጋሪው ለጀልባና ለመረብ የተበደረው ገንዘብ ወለድ በእገዳው ወራትም ይቆጥራል፤ አበዳሪው ብዙ ጊዜ ዓሣውን አስቀድሞ በርካሽ የተዋዋለው ነጋዴ ስለሆነ ሰውየው ሕጉን ጥሶ ወደ ውሃው የሚገባው ከርኃብ ይልቅ ዕዳው አስገድዶት ሊሆን ይችላል። ድርጅትዎ አንድ ነገር ብቻ ሊጨምር ቢችል፣ በእገዳው ወራት የብድር ክፍያ እንዲራዘም ከአበዳሪዎች ጋር እንዲስማማ እመክራለሁ። ክፍያውም እገዳው ከመጀመሩ በፊት ይድረስ፤ 2 ወር ዘግይቶ የሚደርስ ማካካሻ የተሸጠ መረብ አይመልስም። ገንዘቡ ለጀልባ ባለቤት ብቻ ከተሰጠም በቀን ሠራተኝነት አብሮት የሚወጣው ሰው ምንም እንደማያገኝ አስቀድማችሁ አስቡበት።

ጥያቄ፦ መንግሥታት የባሕርን 30 በመቶ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለመጠበቅ ተስማምተዋል። ትልልቆቹ መርከቦች እንደ ልባቸው እየጠረጉ፣ ይህ ሸክም በድሃው አስጋሪ ላይ አይወድቅም ወይ?

መልስ፦ ሊወድቅ ይችላል፤ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። በታኅሣሥ 2022 በሞንትሪያል የተደረሰው ስምምነት የ30 በመቶውን ግብ ሲያስቀምጥ የነባር ሕዝቦችና የአካባቢ ማኅበረሰቦች መብት እንዲከበር በዚያው አንቀጽ ይጠይቃል። ነገር ግን ካርታ ላይ ሰፊ ቦታን ቀለም መቀባት ከሕዝብ ጋር ከመመካከር ይፈጥናል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በሕንድ ውቅያኖስ በሚገኙትና ሞሪሸስ የእኔ ናቸው በምትላቸው የቻጎስ ደሴቶች ዙሪያ እጅግ ሰፊ የባሕር ጥብቅ ክልል አወጀች፤ ደሴተኞቹ ከመኖሪያቸው ከተባረሩ አሥርተ ዓመታት ያለፏቸው ሰዎች ነበሩ። በ2015 የግልግል ፍርድ ቤት የአዋጁ አወጣጥ የሞሪሸስን መብት፣ የማስገር መብቷን ጨምሮ፣ ያላከበረና የባሕር ሕግ ስምምነትን የጣሰ መሆኑን በየነ።

ስለ ትልልቆቹ መርከቦች ያነሡት ከገንዘቡም ይታያል። መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2018 ለማስገር ዘርፍ የሰጡት ድጎማ 35.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተገመተ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 22.2 ቢሊዮኑ የማጥመድ አቅምን የሚያሳድግ ነበር፤ ነዳጅን በርካሽ ማቅረብ፣ መርከብ መሥራትና የመሳሰለው። ከድጎማው ከ80 በመቶ በላይ የሚሄደውም ለትልልቅ ድርጅቶች ነው። በዓለም የንግድ ድርጅት በ2022 የተደረሰውና በመስከረም 2025 ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ለሕገ ወጥ ማስገርና ከልክ በላይ ለተጠመዱ ክምችቶች የሚሰጥን ድጎማ ይከለክላል፤ አቅም የሚያሳድገው ድጎማ ጉዳይ ግን ለተጨማሪ ድርድር ተላልፏል።

ስለዚህ በማንኛውም ጠረፍ ላይ የጥበቃ ዕቅድ ሲቀርብ በእኔ እምነት ከመንደሩ በፊት መጠየቅ ያለበት መርከቡ ነው። ብዙ አገሮች ለዳርቻው ቅርብ የሆነውን ውሃ ለትንንሽ ጀልባዎች ብቻ በሕግ ለይተዋል፤ በመርከቦቹ ላይ የመከታተያ መሣሪያ ካልተገጠመና መረጃውን የሚያይ አካል ከሌለ ግን መርከቦቹ በሌሊት ገብተው የአስጋሪውን መረብ ጭምር ጎትተው ይሄዳሉ። ይህ ድንበር በእርግጥ ሲከበር ያየ መንደር፣ ከራሱ ውሃ ከፊሉን ለማሳረፍ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሌላ ይሆናል።